ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ የሚነሳው አቧራ

የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ሻካራ የሲሚንቶ ወለልና ከግድግዳው ወጥተው የተንጠለጠሉ ሽቦዎች ናቸው። ቦሌ አራብሳም ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶም ይሁን ገላን፣ ልስኑ፣ ሴራሚኩ፣ ጂፕሰሙ፣ ስቱኮውና ቀለሙ ለነዋሪው የተተወ ሥራ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመው ገንዘብ በቅድመ ክፍያ ስለሚያልቅ ብዙ ሰው የባለሙያውን ሒሳብ ለመቀነስ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ይገባበታል። ቅዳሜና እሑድ በነዚህ ሰፈሮች ያለፈ ሰው ከየፎቁ የሚሰማውን የድሪልና የግራይንደር ጩኸት ያውቀዋል።

ሥራው ሲጀመር ቀላል ይመስላል። ሶኬቱን ከአልጋው ራስጌ ወደ መስኮቱ ለማዛወር ልስኑ ላይ ሁለት መስመር ይሰመራል፤ ከዘመድ በውሰት የመጣ ግራይንደር ይሰካል። ዲስኩ ግድግዳውን እንደነካ ክፍሉ በነጭ ጉም ይሞላል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ አጠገብ የቆመው ረዳት ጥላ ብቻ ይሆናል። አቧራው ወደ ጎረቤት ሄዶ ጠብ እንዳያስነሳ መስኮቱ ተዘግቷል። አፍና አፍንጫ ላይ የታሰረች አሮጌ ሻሽ አለች። ማታ የቤቱ ባለቤት ፊቱን ሲታጠብ ከአፍንጫው የሚወጣው ንፍጥ ግራጫ ነው፤ ጉሮሮው ይከረክረዋል፤ ደረቱም የከበደ ይመስለዋል። ከቤተሰቡ አንዱ «ወተት ጠጣበት» ይለዋል። እኩለ ሌሊት ላይ በስልኩ ሲያገላብጥ ሲሊኮሲስ የሚባል፣ የማይድን የሳንባ በሽታ እንዳለ ያነባል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

ይህ ጭንቀት ሊናቅ አይገባውም፤ በአግባቡ መመለስ አለበት። ለአንድ ጤነኛ አዋቂ አንድ ቅዳሜ የተማገ የግድግዳ አቧራ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ በሽታ የማምጣቱ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ጉዳዩ ግን እዚያ አያበቃም። አቧራው ከምን እንደተነሳ፣ ስንት ቀን እንደተማገ፣ ክፍሉ ውስጥም ሌላ ማን እንደነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሰው የመተንፈሻ አካል አቧራን የሚመልስበት ሥርዓት አለው። ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ፣ ማለትም ከ10 ማይክሮን የሚተልቀው ብናኝ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከዚያ አልፎ የአየር ቧንቧ ውስጥ የገባው አክታ ላይ ይጣበቃል፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያሉ ረቂቅ ፀጉሮችም ያለ ዕረፍት ወደ ላይ እየገፉ ያወጡታል። በማግስቱ የሚታየው ግራጫ አክታና ለአንድ ሁለት ቀን የሚቆየው ሳል የዚሁ ሥራ ውጤት ነው። ሰውን የሚያስደነግጠው ምልክት፣ ብዙውን ጊዜ፣ አካሉ ራሱን እያጸዳ የመሆኑ ምልክት ነው።

አስጊው ዐይን የማያየው ነው። ከ4 ማይክሮን ያነሰው ብናኝ፣ ማለትም ከሰው ፀጉር ውፍረት ከአሥር እጥፍ በላይ የሚቀጥነው፣ እነዚህን በሮች ሁሉ አልፎ ደም ከአየር ጋር ወደሚገናኝባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ይወርዳል። እነዚህ ከረጢቶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚገፉ ፀጉሮች ግን የላቸውም። እዚያ የሚጠብቁት ባዕድ ነገርን የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች ናቸው። የተዋጠው ብናኝ አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሲሊካ የተባለ ማዕድን ከሆነ ሴሉ ሊፈጨው አይችልም፤ ይልቁንም ራሱ ይሞታል። ሲሞት የሚለቃቸው ኬሚካሎች አካባቢውን ያስቆጣሉ፤ ያልተፈጨው ቅንጣትም ለቀጣዩ ሴል ይተርፋል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ሳንባው ውስጥ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳ አየር አያስተላልፍም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ሲሊኮሲስ ማለት ይኸው ነው።

ቤት ሲሠራ የሚነሳው አቧራ ሁሉ ታዲያ ሲሊካ አይደለም። ከኮርኒስ ጂፕሰምና ከስቱኮ የሚነሳው ነጭ ዱቄት በብዛቱ ያስፈራል፤ ነገር ግን አብዛኛው ካልሲየም ያለባቸው ማዕድናት ናቸው፤ ዐይንና ጉሮሮን ቢያስቆጡም የሲሊካን ያህል ሳንባን አያጠቁም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ኃይለኛ አልካሊ ስለሚሆን ቆዳን ይልጣል፤ ዐይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ያህል ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ጣውላና ኤምዲኤፍ ሲሞረዱ የሚወጣው ብናኝ አስም ያለበትን ሰው ያፍናል፤ የእንጨት ብናኝን ለዓመታት የሚምጉ ሠራተኞች የአፍንጫ ካንሰር ሊይዛቸው እንደሚችልም ታውቋል። ሲሊካው ያለው በአሸዋ፣ በሸክላ አፈርና በአንዳንድ ድንጋይ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮንክሪት፣ ልስን፣ ሴራሚክና ግራናይት ሲቆረጡ ወይም ሲበሱ ይነሳል። እብነ በረድ በአንጻሩ ከግራናይት በጣም ያነሰ ሲሊካ አለው።

መጠኑን ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ደንብ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ውስጥ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ50 ማይክሮግራም በላይ ረቂቅ ሲሊካ እንዳይተነፍስ ያዛል። ሦስት ሜትር በአራት የሆነ መኝታ ቤት 32 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። በዚያ ክፍል አየር ላይ የሚንሳፈፈው ረቂቅ ሲሊካ 1.6 ሚሊግራም ሲደርስ፣ ይህም የጥቂት ስኳር ቅንጣቶች ክብደት ነው፣ ወሰኑ ሞልቷል። አምፖሉን የሚያደበዝዘው የግራይንደር ጉም ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ወሰኑ የተቀመጠው ግን ዕለት ዕለት፣ የሥራ ዘመኑን ሙሉ ለሚተነፍስ ሰው ነው። የተለመደው ሲሊኮሲስ ከ10 ዓመት በላይ በዘለቀ ሥራ ይመጣል፤ አቧራው ሲበረታ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ እጅግ ከባድ በሆነ አቧራ ውስጥ ቀን በቀን የሠሩ ሰዎችን ደግሞ በወራትና በጥቂት ዓመታት ጥሏቸዋል። ሁለት ቅዳሜ ግድግዳ የቦረቦረ የቤት ባለቤት ከነዚህ ከአንዱም አይመደብም።

ወተቱስ? ቀለም ቀቢው፣ ጋራዥ ሠራተኛው፣ ግንበኛው ሁሉ ይጠጣዋል፤ አንዳንድ አሠሪም «የአቧራ» ብሎ ይገዛል። ወተት የሚወርደው በጉሮሮ ወደ ጨጓራ ነው፤ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። የደረቀ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ የደከመን ሰው ያበረታል፤ ለዚያ ይጠጣ። ነገር ግን ወተት ጠጥቻለሁ ብሎ በማግስቱ ያለ ማስክ ወደ አቧራው የሚመለስ ሰው ካለ፣ ያ ወተት ጎድቶታል።

የድንጋይ አቧራ ሰው እንደሚገድል ማወቅ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ጆርጅ አግሪኮላ እ.ኤ.አ. በ1556 በታተመው የማዕድን መጽሐፉ በካርፓቲያን ተራሮች ማዕድን ቆፋሪዎችን አቧራው እየጨረሳቸው ሰባት ባል እስከማግባት የደረሱ ሴቶች እንዳሉ ጽፏል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ደግሞ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ሐኪሞች ከቀድሞዎቹ ጥያቄዎች ጋር አንድ እንዲጨምሩ መከረ፦ ሥራህ ምንድን ነው? ዛሬም ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ የሚቀርብ ሰው ይህ ጥያቄ ካልቀረበለት ራሱ መናገር አለበት።

ከሁሉ የሚመረው ታሪክ ግን በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ጎሊ ብሪጅ ከምትባል ከተማ አጠገብ የወንዝ ውሃን በተራራ ውስጥ አሳልፎ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሆክስ ኔስት ዋሻ መቆፈር ተጀመረ። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ነበርና ሥራ ፍለጋ ከደቡብ ግዛቶች በብዛት ጥቁር አሜሪካውያን መጡ። ተራራው በሲሊካ የበለጸገ አሸዋማ ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ሲበሳ ውሃ ቢፈስበት አቧራው እንደሚታፈን በዘመኑ ይታወቅ ነበር፤ ሥራው እንዳይጓተት ግን በደረቁ ተበሳ። ሰዎቹ ከዋሻው ሲወጡ ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ነበሩ። በወራት ውስጥ ትንፋሽ አጥሯቸው መውደቅ ጀመሩ። ጉዳዩን ከአምስት አሥርት ዓመታት በኋላ ያጠናው ሐኪም ማርቲን ቼርኒያክ የሟቾቹን ቁጥር 764 ያህል ገምቶታል። በሕይወትና በሞት መካከል የነበረው ልዩነት ውሃ ነው። ድንጋዩን ማርጠብ።

ከዚያ ወዲህ በሽታው የጠፋ የመሰለው ብዙ ሰው ነበር፤ እየተመለሰ ያለው ደግሞ በቤት ማሳመሪያ በኩል ነው። ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን፣ ከተፈጨ ኳርትዝና ከማጣበቂያ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ዓለምን አዳረሰ፤ በብዙዎቹ ዓይነቶች ውስጥ ያለው ሲሊካ ከ90 በመቶ ይበልጣል። ምርቱ ቀድሞ በተስፋፋባት በእስራኤል፣ በፔታህ ቲክቫ የሚገኘው የራቢን ሕክምና ማዕከል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ይህን ድንጋይ ሲቆርጡ ኖረው የሳንባ ንቅለ ተከላ ምርመራ እስከመጠየቅ የደረሱ 25 ሕሙማንን መዝግበው በ2012 ለዓለም አስታወቁ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 መጀመሪያ አንሥቶ ይህን ድንጋይ ከልክላለች። ቱርክ ውስጥ ደግሞ ጂንስ ሱሪ ያረጀ እንዲመስል አሸዋ በግፊት ሲረጩ የዋሉ ወጣቶች በጥቂት ዓመታት ሥራ ሳንባቸው ጠፍቷል፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ታገደ።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው አቧራው የዕለት እንጀራቸው መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ከቤቱ ባለቤት ይልቅ በረንዳው ላይ አጎንብሶ ሴራሚክ የሚቆርጠውን ወጣት ማየት ያስፈልጋል። እሱ ይህን ቤት ሲጨርስ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ብሎክ። ግራይንደሩ ከፊቱ አንድ ክንድ አይርቅም። ባለቤቱ የአንድ ቀን አቧራ ምግቶ ሌሊቱን ሲጨነቅ፣ እሱ በየቀኑ ይምገዋል፤ ሲያስለውም «ብርድ ነው» ይላል። ሲሊካ በተጠራቀመበት ሳንባ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በቀላሉ ይነሳል፤ ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በቲቢ የመያዙ ዕድል ከሌላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን የቲቢ ጫና ከበዛባቸው አገሮች ተርታ ነው የሚመድባት። አቧራና ቲቢ እዚያ በረንዳ ላይ ይገናኛሉ።

ስለ ሳንባ ሲወራ የሚዘነጋ ሌላ አደጋ አለ፤ እሱም በአሮጌ ቤቶች ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ነው። አሮጌ ዘይት ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ዱቄት ለአዋቂው እምብዛም ሳያስፈራ ለሕፃኑ መርዝ ሊሆን ይችላል። ሕፃን ወለል ላይ ይድሃል፣ እጁንም ወደ አፉ ይወስዳል። ሊድ በደም አድርጎ አንጎል ይደርሳል፣ ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይቀንሳል፤ በነፍሰ ጡር እናት በኩልም ወደ ጽንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን እንደሌለ ይናገራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ደንቡ ግን ከዚያ በፊት በርና መስኮት ላይ የተቀባውን አይፍቀውም። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ አሮጌ ቤት ገዝተው በራሳቸው እጅ የሚያድሱ ኢትዮጵያውያንም ይህ ይመለከታቸዋል። አሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቀለም ውስጥ ሊድን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ ሳይመረመር መፋቅ የለበትም። እዚያ ተቋራጮች ሥልጠናና ፈቃድ ይጠየቃሉ፤ የራሱን ቤት በራሱ የሚያድሰውን ሰው ግን ማንም አይቆጣጠረውም። ሕፃኑ በአቧራው መሐል ከነበረ ጥርጣሬውን የሚፈታው የደም ምርመራ ነው።

አስቤስቶስም እንዲሁ የራሱ ሕግ አለው። በአሮጌ የሲሚንቶ ክዳኖች፣ የውሃ ቱቦዎችና አንዳንድ የወለል ንጣፎች ውስጥ የሚገኘው ይህ ክር መሰል ማዕድን ካልተነካ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲሰበር ወይም ሲበሳ የሚለቀው ክር ከ20 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ክዳን የተጠረጠረበት ቤት ላይ ግራይንደር አይነሳም። የአንድ ጊዜ አጋጣሚ አደጋው ትንሽ መሆኑ እዚህም ይሠራል፤ ነገር ግን መድገሙ ምክንያት የለውም።

መከላከያው ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። የመሬት ወለል ባለው ቤት ያደገ ሰው እናቱ መጥረጊያ ከማንሣቷ በፊት በእጇ ውሃ ስታርከፈክፍ አይቷል። ያ ልማድ በሴራሚክ ወለል ዘመን ተረሳ፤ ዛሬ ፊኒሺንግ የሚሠራ ቤት በደረቁ ይጠረጋል፣ ወለል ላይ ዐርፎ የነበረው ረቂቅ ብናኝም ሁለተኛ ወደ አየር ይነሳል። ከሥራው ይልቅ ጽዳቱ ብዙ የሚያስምግበት ጊዜ አለ። ወለሉን አርጥቦ መጥረግ፣ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ የሥራ ልብሱን ለብቻ ማጠብ ዋጋ አያስከፍልም። ተራ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ረቂቁን ብናኝ በጀርባው መልሶ ስለሚተፋ አይመከርም።

ቆረጣውም እንዲሁ ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆረጥ ሴራሚክ ጭሮ በሚሰብር የእጅ መቁረጫ ሲቆረጥ አቧራ የለውም ማለት ይቻላል። ለሽቦ የሚሆነው መስመር ልስኑ ላይ ውሃ እየተረጨ በመሮና በመዶሻ ሊወጣ ይችላል፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ክፍሉ ግን ጉም አይሞላም። በኤሌክትሪክ በሚሠራ መሣሪያ ላይ ውሃ ማፍሰስ የሚቻለው መሣሪያው ለዚያ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ብቻ ነው፤ ተራውን ግራይንደር አርጥቦ መያዝ ከአቧራው ቀድሞ በኤሌክትሪክ ሊገድል ይችላል። ስቱኮው በእርጥብ ስፖንጅ ሊለሰልስ ይችላል። መስኮቱ ይከፈት፤ ጎረቤትን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ክፍሉን ከመዝጋት ይሻላል።

ስለ ማስክ ኮቪድ ያስተማረን ትምህርት ለአቧራም ያገለግላል። ሻሽና ነጠላ ትልቁን ብናኝ እንጂ ረቂቁን አያስቀሩም። ቀጭኑ የሕክምና ማስክ የተሠራው ለምራቅ ጠብታ ነው፤ በጎንና በጎኑ አየር ያስገባል። ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ሁለት ማሰሪያ ያለውና ፊት ላይ የሚጣበቀው ነው ረቂቁን የሚይዘው። ጺም ካለ አይጣበቅም። አፍንጫ ላይ ያለችውን ሽቦ በጣት አጥብቆ መተንፈስና አየር በጠርዙ ሲያመልጥ መሰማቱን መፈተሽ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አቧራውን አስቀድሞ የማገ ሰውስ ምን ያድርግ? ሳሉና የጉሮሮው ከርካራነት በጥቂት ቀን እየቀለለ ከሄደ ውሃ መጠጣትና ከአቧራው መራቅ ይበቃዋል። በማግስቱ ራጅ መነሣት ምንም አይነግረውም፤ ሲሊካ የሚሠራው ጠባሳ በራጅ የሚታየው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ ፉጨት መሰማት፣ የደረት ውጋት፣ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው። አስም ያለበት ሰው የዚያኑ ዕለት ሊታፈን ስለሚችል መድኃኒቱን ከአጠገቡ አያርቅ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በኢትዮጵያ የጤና አሠራር የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ አቧራ ነው ብሎ መተው አይገባም።

ሴራሚክ አንጣፊውን ሲቀጥሩ በካሬ ሜትር ስንት ተብሎ ይደራደራሉ፣ ምሳው በማን እንደሆነም ይነጋገራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ይደነግጋል፤ ለአንድ ሳምንት በቃል የተቀጠረው ልጅ ዘንድ ግን ተቆጣጣሪ መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ማስኩን የሚገዛው፣ የእጅ መቁረጫውን የሚከራየው፣ ውሃውን በባልዲ የሚያመጣው ማን እንደሆነ በዚያው የዋጋ ንግግር ላይ መወሰን አለበት። ሥራው በአንድ ቀን ቢዘገይ የቀኑን ሒሳብ ባለቤቱ ይክፈል። ልጁ ለወራት ሲያስል ከነበረም ጤና ጣቢያ ሲሄድ ስንት ዓመት ሴራሚክ እንደቆረጠ፣ በደረቁ ይሁን በእርጥቡ፣ በማስክ ይሁን ያለ ማስክ፣ ለሐኪሙ ሳይጠየቅ እንዲናገር ንገሩት።